ሩቅ ያለን ሰርቨር ማን ይቀሰቅሰዋል?

የድሮ ፒሲ የነካካ ሰው ይህችን መልእክት ያስታውሳታል። ኮምፒውተሩ ሲበራ ኪቦርድ እንዳልተሰካበት ያውቅና በጥቁሩ ስክሪን ላይ "ኪቦርድ አልተገኘም፤ ለመቀጠል ኤፍ 1ን ይጫኑ" ብሎ ይጽፋል። በሌለ ኪቦርድ ላይ ያለ ቁልፍ ተጫን ነው ነገሩ። ስንት ጊዜ ተቀልዶባታል! ቀልዱ ግን ከሥሩ ቁም ነገር አለው። መልእክቷን የጻፉት መሐንዲሶች ማሽኑ ፊት ሁልጊዜ አንድ ሰው ተቀምጧል ብለው ያምኑ ነበር። ኪቦርዱ ቢነቀል እንኳ የሚሰካው እጅ ከአጠገቡ አይጠፋም ብለው አስበዋል።

ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ እስካለ ድረስ ይህ እምነት ማንንም አልጎዳም። ችግሩ የመጣው ማሽኑ ከባለቤቱ ሲርቅ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ተቀምጦ ጀርመን ወይም አሜሪካ ውስጥ የተከራየውን ሰርቨር የሚያስተዳድር ባለሙያ ሰርቨሩን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። "ሪስታርት አድርግ" የሚል ትዕዛዝ ሲልክለት የያዘው ግንኙነት ወዲያው ይቋረጣል። ይህ የሚጠበቅ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ሦስት ደቂቃዎች ግን የሙያው ምጥ ናቸው። ማሽኑ ተነስቶ መልስ ከሰጠ ሁሉም ሰላም ነው። ካልተነሳስ? ሄዶ ማብሪያውን የሚጫንለት የለም። በዚያ ሰርቨር ላይ ደግሞ የአንድ ሱቅ ሽያጭ፣ የአንድ ክሊኒክ መዝገብ ወይም የአንድ ጋዜጣ ድረ ገጽ ሊኖር ይችላል።

ሩቅ ያለን ማሽን አጥፍቶ የማስነሳት ታሪክ፣ ከወንበሩ ላይ የጠፋውን ያንን ሰው የመተካት ታሪክ ነው። ብዙ ብልሃት ተፈጥሯል። ከብልሃቶቹ ሁሉ ጀርባ ያለው ሕግ ግን አንድ ነው፦ የወደቀውን የሚያነሳው ነገር አብሮት የሚወድቅ መሆን የለበትም። ሲነገር ቀላል ነው። የዓለማችን ግዙፍ ኩባንያዎች ሳይቀሩ ግን ተሰናክለውበታል።

◆

የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑክስን መጻፍ ሲጀምር፣ የጻፈው ፊቱ ለነበረው ፒሲ ነው። ስለዚህ ሊኑክስም ያንኑ የፒሲ እምነት ይዞ ተወለደ። ለምሳሌ ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ሊወጣው የማይችለው ስሕተት ውስጥ ሲገባ "ፓኒክ" ያደርጋል። ደንግጦ ይቆማል ማለት ነው። የስሕተቱን ዝርዝር ስክሪኑ ላይ ጽፎ እዚያው ቀጥ ይላል። በመጀመሪያው ዲዛይን ለዘላለም ይቆማል፤ ካልታዘዘ በቀር ራሱን ሪስታርት አያደርግም። ለምን? አንድ ሰው መጥቶ ጽሑፉን እንዲያነበው ነዋ!

ዲስኩ ላይ ችግር ሲገኝም እንደዚያው ነው። ማሽኑ መነሳቱን በመሐል አቁሞ "ለጥገና የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ ያስገቡ" ይላል። ፊቱ ለተቀመጠ ሰው ይህ ጨዋነት ነው። ሌሊት በ9 ሰዓት ከሌላ አህጉር ለሚጠብቅ ሰው ግን የተቆለፈ በር ነው።

በ1990ዎቹ ኢንተርኔት ሲስፋፋ እነዚሁ ፒሲዎች፣ ኪቦርድና ስክሪናቸው ተነቅሎ፣ በመደርደሪያ ላይ ተደርድረው ሰርቨር ሆኑ። በርካሽነታቸውና ሊኑክስ በነጻ በመገኘቱ ከውድ የዩኒክስ ማሽኖች ገበያውን ነጠቁ። ውዶቹ ማሽኖች ግን አንድ ነገር ነበራቸው። ከጅምሩ በሲሪያል ገመድ ከሌላ ክፍል፣ በሞደም ደግሞ ከሌላ ከተማ እንዲታዘዙ ታስቦ የተሠሩ ነበሩ። ርካሹ ፒሲ ይህ አልነበረውም። ሲደርቅ መፍትሔው ስልክ ነበር፦ ዳታ ሴንተሩ ጋ ደውሎ "ከላይ ሦስተኛውን ማሽን አጥፍተህ አብራልኝ" ማለት። ተረኛው ቴክኒሻን አራተኛውን ቢያጠፋው ሌላ ጣጣ ነው።

◆

ተራው የሪስታርት ትዕዛዝ ለምን እንደሚከሽፍ ማወቅ ቀሪውን ሁሉ ግልጽ ያደርጋል። ትዕዛዙ ማሽኑን ወዲያው አያጠፋውም። ጨዋ ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱን ፕሮግራም "ሥራህን ጨርስ" ይላል፣ የማይሰማውን ያስገድዳል፣ በሜሞሪ ያለውን ጽሑፍ ወደ ዲስክ ያወርዳል፣ ዲስኮቹን ይፈታል፣ በመጨረሻ ያጠፋል። በዚህ ሰልፍ ውስጥ አንዱ ከተደናቀፈ ሁሉም ይቆማል። የተለመደው መሰናክል በኔትወርክ በኩል ከሌላ ማሽን ጋር የተገናኘ ዲስክ ነው። ያኛው ማሽን ከጠፋ፣ ከእሱ መልስ የሚጠብቀው ፕሮግራም በግድያ ትዕዛዝ እንኳ የማይሞትበት ሁኔታ ውስጥ ይገባል። መዝጊያው እሱን ይጠብቃል፤ እሱ የማይመጣውን ይጠብቃል።

የሚያናድደው ደግሞ ቅደም ተከተሉ ነው። ባለሙያው የገባበት የርቀት መግቢያ ከሚዘጉት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማሽኑ በግማሽ ሞቶ ይቀራል። ፒንግ ሲደረግ "አለሁ" ይላል፣ ምክንያቱም ለፒንግ የሚመልሰው ከርነሉ ራሱ ነው። ውስጥ ግን በር የሚከፍት የለም። ልምድ ያላቸው ሰዎች ፈጽሞ ከጠፋ ማሽን ይልቅ ይህን በግማሽ የሞተ ማሽን ይፈሩታል።

ሌላም አለ። ዲስኩ ራሱ ሲሞት "ሪስታርት" የሚለው ፕሮግራም የተቀመጠው በሞተው ዲስክ ላይ ስለሆነ ትዕዛዙ ሊነበብ አይችልም። ትዕዛዙ ይጻፋል፣ ስሕተት ይመለሳል፣ ይጻፋል፣ ስሕተት ይመለሳል። ቁልፉን ቤት ውስጥ ረስቶ በሩን እንደመዝጋት ነው።

የሊኑክስ ሰዎች ለዚህ ያገኙት መልስ ጥበብ አለው። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ "ማጂክ ሲስርኪው" የሚባል መንገድ ወደ ከርነሉ ገባ። በጥንቱ የፒሲ ኪቦርድ ላይ ሥራ ፈትቶ የኖረ "ሲስርኪው" የሚባል ቁልፍ ነበር፤ ለእሱ ሥራ ሰጡት። ከሌሎች ቁልፎች ጋር አብሮ ሲጫን ትዕዛዙ በማንም ፕሮግራም በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ለከርነሉ ይደርሳል፦ ፕሮግራሞቹን ግደል፣ ዲስክ ላይ ጻፍ፣ ዲስኮቹን ለንባብ ብቻ አድርግ፣ ሪስታርት አድርግ። ለሩቅ ሰው የሚጠቅመው ግን ቁልፉ አይደለም፤ አቻ የሆነ ፋይል መኖሩ ነው። አንዲት ፊደል ወደዚያ ፋይል ከተጻፈች ማሽኑ ማንንም ሳይሰናበት በቅጽበት ይወድቅና ይነሳል። ፋይሉ ደግሞ እውነተኛ ፋይል አይደለም፤ ዲስክ ላይ ሳይሆን ከርነሉ ውስጥ ነው ያለው። ፊደሏን የምትጽፈው ትዕዛዝም ቀድሞውኑ ሜሞሪ ውስጥ ባለው ሼል ውስጥ የተሠራች ናት። ስለዚህ ዲስኩ ቢሞትም፣ ባለሙያው አስቀድሞ ገብቶ ከነበረና ግንኙነቱ ካልተቋረጠ ይህች በር ትሠራለች። ሜሞሪ ላይ የነበረና ያልተጻፈ ነገር ግን ይጠፋል። ዋጋው ይኸው ነው።

የደነገጠው ከርነልም አንድ መስመር ይበቃዋል። "ከደነገጥክ 10 ሰከንድ ጠብቀህ ሪስታርት አድርግ" ተብሎ በሴቲንግ ሊታዘዝ ይችላል። ባዶ ሰርቨር ተረክቦ ይህችን መስመር ሳይጽፍ ሥራ የሚጀምር ሰው እስካሁን አለ። መስመሩ የሚናፍቀው ማሽኑ ከቆመ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

◆

ውሻ ከተነሳ አይቀር፣ ይህ ሁሉ የማይሠራበት ሁኔታ አለ። ከርነሉ ሳይደነግጥ ዝም ብሎ ቢደርቅስ? ያን ጊዜ ማንም ትዕዛዝ የሚቀበል የለም። ለዚህ የሚሆነው መልስ ከሊኑክስ በፊት ነበር፤ ጨረቃ ላይ ያረፈው ኮምፒውተር ውስጥ።

የአፖሎ መንኮራኩሮች ኮምፒውተር ውስጥ "የሌሊት ዘበኛ" የሚል ስም የተሰጠው ዑደት ነበር። ሥራው አንድ ብቻ ነው። ሶፍትዌሩ በየጊዜው አንድ የተወሰነ የሜሞሪ አድራሻ እየነካ "ነቅቻለሁ" ማለት አለበት። ሁለት ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ካልነካ ዘበኛው ኮምፒውተሩን ሪስታርት ያደርገዋል። በ1969 አፖሎ 11 ወደ ጨረቃ ሲወርድ የጮኹት ዝነኞቹ 1202 እና 1201 ማንቂያዎች የዘበኛው ሥራ አልነበሩም፤ ሥራ የበዛበት ሶፍትዌር ራሱን ሪስታርት እያደረገ ነበር። ቁም ነገሩ ግን ያው ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የማያስፈልገውን ሥራ ጥሎ ማረፊያውን ሥራ ብቻ ይዞ ይቀጥላል። በመውረድ ላይ ሳሉ ደጋግሞ ወድቆ ተነሳ፤ አረፉም።

ያች የዘበኛ ሐሳብ ዛሬ በሰርቨሮች ውስጥ "ዋችዶግ" ተብላ ትጠራለች። ዘበኛ ውሻ እንበላት። አንድ ቆጣሪ ወደ ዜሮ ይቆጥራል። ጤነኛ ሲስተም በየጊዜው መልሶ ይሞላዋል። ሳይሞላው ዜሮ ከደረሰ ሪስታርት ነው፣ ጥያቄ የለም። አለን ኮክስ በ1996 ለሊኑክስ የጻፈው "ሶፍትዶግ" ይህን በሶፍትዌር ብቻ የሚሠራ ነበር። ለሌለው ሰው ጥሩ ነው፤ ግን ከላይ የተባለውን ሕግ ይጥሳል። ከርነሉ ጨርሶ ከደረቀ በከርነሉ ውስጥ የሚኖረው ውሻም አብሮ ይደርቃል። አስተማማኙ በማዘርቦርዱ ላይ ለብቻው ያለው ሃርድዌር ነው። ዛሬ በብዙ የሊኑክስ ሲስተሞች ላይ የሚሠራው ሲስተምዲ፣ ሃርድዌሩ ካለ፣ በሪስታርት ጊዜ ይህን ውሻ 10 ደቂቃ ሰጥቶ ይለቀዋል። መዝጊያው ሰልፍ ላይ አንዱ ቢደናቀፍ ከ10 ደቂቃ በኋላ ውሻው ይጨርሰዋል። ብዙ ባለሙያ ሰርቨሩ "በራሱ ተመለሰ" ብሎ የሚገረመው በዚህ ነው።

◆

የዘበኛ ውሻ ታሪክ በደንብ የሚታየው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1997 ማርስ ላይ ባረፈው ፓዝፋይንደር ነው። ሊኑክስ አልነበረም፤ ቪኤክስ ወርክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ነበር። ነገር ግን ከዚህ የራቀ ሰርቨር አልነበረም። ከምድር የተላከ ትዕዛዝ ለመድረስ ከ10 ደቂቃ በላይ ይፈጅ ነበር፤ መልሱም እንደዚያው።

ባረፈ በጥቂት ቀናት ውስጥ መንኮራኩሩ ራሱን ሪስታርት ማድረግ ጀመረ። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ደጋገመው። በተነሳ ቁጥር የቀኑ ቀሪ ሥራ ለነገ ይተላለፋል። ሚዲያው "የሶፍትዌር ብልሽት" ብሎ ጻፈ። በእርግጥ ብልሽት ነበር። ግን ሪስታርቱ ብልሽቱ አልነበረም፤ ብልሽቱን የሚያክመው ዘበኛ ነበር።

ችግሩ በአንድ መሥሪያ ቤት ሊመሰል ይችላል። ሚኒስትሩ የስብሰባ አዳራሹን ቁልፍ ይፈልጋል። ቁልፉ ተላላኪው እጅ ነው። ተላላኪው ቁልፉን ሊያደርስ ሲነሳ ከእሱ በላይ የሆነ የመምሪያ ኃላፊ መጥቶ ኮሪደሩን ይዘጋዋል፤ ተላላኪ ነውና ቆሞ ያሳልፋል። ኃላፊው ሚኒስትሩን እያስጠበቀ መሆኑን አያውቅም። በፓዝፋይንደር ውስጥ "ሚኒስትሩ" መረጃ የሚያዘዋውረው ዋና ሥራ ነበር፤ "ተላላኪው" የአየር ሁኔታ መረጃ የሚሰበስበው ዝቅተኛ ሥራ፤ "ኃላፊው" ደግሞ መሐል ላይ ያለው የግንኙነት ሥራ። ዋናው ሥራ በሰዓቱ አለመጨረሱን ያየው ሲስተም "አንድ ነገር ተበላሽቷል" ብሎ ሁሉንም ሪስታርት አደረገ።

በካሊፎርኒያ የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ የነበሩት መሐንዲሶች፣ በግሌን ሪቭስ መሪነት፣ ምድር ላይ ባስቀሩት መንትያ ማሽን ችግሩን ደግመው አስነሱት። መፍትሔው በአንዲት መለወጫ ላይ ነበር፦ ቁልፉን የያዘ ተላላኪ ቁልፉ እጁ እስካለ ድረስ የሚኒስትሩን ማዕረግ ይያዝ። ይህችን ለውጥ ወደ ማርስ ላኩ። ችግሩን ሊያገኙት የቻሉት የመመርመሪያ መሣሪያዎቹን "ሥራው አልቋል፣ አያስፈልጉም" ብለው ከሶፍትዌሩ ሳይቆርጡ ስለተዉ ነው። ይህ ውሳኔ ለብዙዎች ዝርክርክነት ሊመስል ይችል ነበር። ግን ሩቅ ለሚሄድ ማሽን መግቢያ ቀዳዳ መተው ዝርክርክነት አይደለም።

ሰባት ዓመት ሳይሞላ እዚያው ማርስ ላይ የሪስታርት ሌላኛው ገጽታ ታየ። በጥር 2004 መጀመሪያ ላይ ያረፈችው ስፒሪት፣ ጥር 21 ቀን ዝም አለች። በኋላ እንደታወቀው ዝም ብላ አልተቀመጠችም። እየወደቀች እየተነሳች ነበር፤ ከ60 ጊዜ በላይ። ሌሊት መተኛት ሲገባት ነቅታ እያደረች ባትሪዋን ትጨርስ ነበር። ምክንያቱ የሚያሳዝን ያህል ተራ ነው፦ ፍላሽ ሜሞሪዋ ውስጥ ፋይል በዝቶ ነበር። በተነሳች ቁጥር የፋይሎቹን ዝርዝር ወደ ዋናው ሜሞሪ ለመጫን ትሞክራለች፣ ቦታ ያጥራታል፣ ትወድቃለች፣ ዘበኛው ያስነሳታል፣ እንደገና ትሞክራለች። ዘበኛው ሥራውን በታማኝነት ይሠራ ነበር፤ ወደዚያው በሽታ እየመለሳት።

ያዳናት ሌላ የመነሻ መንገድ መኖሩ ነው። ከምድር "ፍላሹን ሳትነኪ ተነሺ" የሚል ትዕዛዝ ተላከላት። ተነሳች፤ ፋይሎቹ ተጸዱ፣ ኋላም ፍላሹ ፎርማት ተደረገ። ለ90 ቀን ሥራ የተላከችው ስፒሪት እስከ 2010 ድረስ ከምድር ጋር ተነጋግራለች።

የሰርቨር ሰዎች ይህን ከናሳ አልተማሩትም፤ በራሳቸው ቁስል ነው የደረሱበት። አዲስ ከርነል ተጭኖ ሪስታርት ሲደረግ ካልተነሳ፣ መቶ ጊዜ ቢወድቅ ወደዚያው ወደማይሠራው ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ሊሎ የተባለው የጥንቱ የሊኑክስ ማስነሻ፣ በኋላም ግራብ፣ "ለአንድ ጊዜ ብቻ" የሚል ምርጫ ያዙ። አዲሱን ከርነል አንድ ጊዜ ሞክር፤ ከደነገጥክ በ10 ሰከንድ ውደቅ፤ ስትነሳ በድሮው ተነሳ። ባለሙያው ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ማሽኑ በአዲሱም ባይሆን በድሮው ቆሞ ያገኘዋል። ፋየርዎል ከሩቅ ሲነካካም እንዲሁ ይደረጋል፦ አስቀድሞ "ከ10 ደቂቃ በኋላ ሪስታርት" ተብሎ ይታዘዛል፣ ለውጡ ሳይቀመጥ ይሞከራል፣ ከሠራ ሪስታርቱ ይሰረዛል። ራሱን ውጪ የቆለፈ ሰው 10 ደቂቃ ጠብቆ ይገባል። ጁኒፐር የተባለው የኔትወርክ ዕቃ አምራች ይህንኑ ሐሳብ በማሽኖቹ ውስጥ አብሮ ሠርቶታል፤ ለውጡ በ10 ደቂቃ ውስጥ ካልተረጋገጠ በራሱ ይመለሳል።

ቆጣሪ ግን ሰውን አይጠብቅም። ቮያጀር 2 ላይ "ለአንድ ሳምንት ከምድር ትዕዛዝ ካልመጣ መቀበያህ ተበላሽቷል ማለት ነውና ወደ መጠባበቂያው ቀይር" የሚል ቆጣሪ ነበር። በሚያዝያ 1978 ምድር ላይ ያሉት ሰዎች በሌላ ሥራ ተጠምደው ሳምንቱ አለፈባቸው። መንኮራኩሩ ጤነኛውን መቀበያ ትቶ ወደ መጠባበቂያው ዞረ፤ መጠባበቂያው ሕመምተኛ ሆኖ ተገኘ። ወደ ዋናው ሲመለስ ዋናው ተቃጠለ። ቮያጀር 2 ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የምትሰማው በዚያ ሕመምተኛ ጆሮ ነው።

◆

ወደ ምድር እንመለስ። ለሰርቨሮች ትልቁ ለውጥ የመጣው መብራት በጠፋ ማሽን ውስጥ መብራት በማስቀረት ነው። የጥንቱ ፒሲ ማብሪያ እንደ ቤት መብራት ነበር፤ ሲጠፋ ጠፋ። ኢንቴል በ1995 ያወጣው ኤቲኤክስ የሚባለው አሠራር ማሽኑ ጠፍቶም ቢሆን ሶኬቱ ላይ እስካለ ድረስ ትንሽ ኃይል ወደ ማዘርቦርዱ እንዲደርስ አደረገ። በ1998 ደግሞ ኢንቴል፣ ዴል፣ ኤችፒ እና ኔክ "አይፒኤምአይ" የተባለውን የጋራ ደንብ አወጡ። ሐሳቡ በትልቁ ሰርቨር ሆድ ውስጥ ትንሽ ኮምፒውተር ማስቀመጥ ነው። በዚያች ትንሽ ኃይል ይኖራል። ትልቁ ቢደርቅ፣ ቢደነግጥ፣ ቢጠፋ እሱን አይመለከተውም። ከሩቅ በኔትወርክ ታዝዞ የትልቁን ማብሪያ ይጫናል። ዴል "አይድራክ"፣ ኤችፒ "አይሎ" ብለው የሸጧቸው በእነዚህ ላይ ስክሪኑን ከሩቅ ማየትና የሌለውን ኪቦርድ መጫን ጭምር ይቻላል። ኤፍ 1ን ተጫን የምትለው መልእክት በመጨረሻ መልስ አገኘች።

ይህ ባለበት ዳታ ሴንተር የስልኩ ጥሪ አበቃ ማለት ይቻላል። ሆኖም ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛው መብራት ነው፤ አዲስ አበባ ላለ ሰርቨር ይህ ተረት አይደለም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ይነሳ ወይስ ጠፍቶ ይቆይ የሚለው ባዮስ ውስጥ ያለ ምርጫ ነው። "ጠፍቶ ይቆይ" ላይ ከተተወ፣ ውሻውም ሪስታርቱም ከንቱ ነው። ሁለተኛው ደህንነት ነው። ዳን ፋርመር የተባለው የኮምፒውተር ደህንነት ተመራማሪ በ2013 ስለ አይፒኤምአይ አጥብቆ አስጠነቀቀ። በአንዳንድ ማሽኖች ላይ "ዜሮ" የሚባለው የምስጠራ ዓይነት ክፍት ስለነበረ፣ የተጠቃሚውን ስም ያወቀ ሰው ማንኛውንም ፓስወርድ ጽፎ መግባት ይችል ነበር። እዚያ የገባ ሰው ከሊኑክሱ በታች ነው ያለው፤ ሊኑክሱ ተደምስሶ እንደገና ቢጫን አይወጣም። ስለዚህ እነዚህን ትንንሽ ኮምፒውተሮች ከኢንተርኔት ለይቶ ለብቻቸው በተዘረጋ መስመር ማስቀመጥ ደንብ ሆነ። ያ ብቸኛ መስመር ራሱ ሲወድቅ ምን ይሆናል?

◆

መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። ቀኑን አዲስ አበባ አዲስ መንግሥት ስትመሠርት ውላለች። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ አብረው ጠፉ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የጠረጠረው የራሱን ኔትወርክ ነው፤ የኢትዮጵያ ተጠቃሚ ይህን ለመጠርጠር ምክንያት አያጣም። ግን የጠፋው በመላው ዓለም ነበር፤ ስድስት ሰዓት ገደማ ቆየ። ዓረብ አገር ያለች እህቱን በዋትስአፕ ብቻ የሚያገኝ ሰው ያን ሌሊት አላገኛትም።

ኩባንያው በኋላ እንዳስረዳው፣ በመደበኛ ጥገና ወቅት የዋናውን የኔትወርክ አውታር አቅም ለማየት የተሰጠ ትዕዛዝ ዳታ ሴንተሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኘውን መስመር ሁሉ ጣለው። እንዲህ ዓይነት ትዕዛዝን የሚያግድ ፕሮግራም ነበረ፤ እሱም ስሕተት ነበረበትና አላገደም። ከዚያ የኩባንያውን አድራሻዎች ለዓለም የሚያስታውቁት ሰርቨሮች ዳታ ሴንተሮቹን ማግኘት ሲያቅታቸው፣ በተሠሩበት ደንብ መሠረት "እኛ ጤነኛ አይደለንም" ብለው ራሳቸውን ከኢንተርኔት ካርታ ላይ አወጡ። በራሳቸው የቆሙ ነበሩ፤ ግን ማንም አያገኛቸውም።

እዚህ ላይ ነው መጠባበቂያው የሚያስፈልገው። ፌስቡክ ለዚህ እንግዳ አልነበረም። እንዲያውም በሰርቨር ሆድ ውስጥ ለሚኖሩት ትንንሽ ኮምፒውተሮች የሚሆን፣ በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ሶፍትዌር ሠርቶ በ2015 ለዓለም በነጻ የለቀቀው እሱ ራሱ ነው። ሰርቨርን ከሩቅ ስለማስነሳት ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ ኩባንያ መፈለግ ይከብዳል። ሆኖም በዚያ ሌሊት ዋናው መስመርም ለብቻው የተዘረጋው መስመርም አብረው ወድቀው ነበር። መሐንዲሶቹ ችግሩን ለማጣራት የሚጠቀሙባቸው የውስጥ መሣሪያዎች ደግሞ ብዙዎቹ በዚያው በወደቀው አድራሻ ላይ የቆሙ ነበሩ። ሁሉም ቁልፎች ቤት ውስጥ ነበሩ።

የቀረው እግር ነው። ሰዎች ወደ ዳታ ሴንተሮቹ ተላኩ። እነዚያ ሕንፃዎች ግን ሰው በቀላሉ እንዳይገባባቸው ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ ከገባም በኋላ ማሽኖቹን በእጅ መለወጥ ከባድ እንዲሆን ታስቧል። ለሌባ የተሠራው መከላከያ ባለቤቱን አዘገየ። መስመሩ ሲመለስም ሁሉንም በአንዴ ማብራት አልተቻለም። በመጥፋቱ የዳታ ሴንተሮቹ የኤሌክትሪክ ፍጆታ በአሥሮች በሚቆጠሩ ሜጋዋቶች ወርዶ ነበር፤ ያ ሁሉ ጭነት በአንድ ጊዜ ቢመለስ የኃይል ሲስተሙን አደጋ ላይ ይጥለው ነበር። ቀስ በቀስ አበሩት። በዚያ ቀን ቴሌግራም ከ70 ሚሊዮን በላይ አዳዲስ ተጠቃሚዎች እንዳገኘ ፓቬል ዱሮቭ ተናግሯል፤ ከዚህ አንባቢዎች አንዳንዶቹ ያን ሌሊት የገቡ ይሆናሉ።

ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ ተወስዷል የሚል ካለ ሐምሌ 19 ቀን 2024ን ይመልከት። ክራውድስትራይክ የተባለ የደህንነት ኩባንያ የላከው ስሕተት ያለበት ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት፣ 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ጣለ። ኩባንያው ማሻሻያውን የላከው በ78 ደቂቃ ውስጥ አርሞታል። ግን የወደቁት ማሽኖች እርማቱን ከኔትወርክ ሳያወርዱ በፊት ይወድቁ ስለነበር እንደ ስፒሪት ይነሳሉ፣ ይወድቃሉ። ማይክሮሶፍት በክላውድ ላይ ላሉት "እስከ 15 ጊዜ ሪስታርት አድርጉ" ብሎ መከረ፤ ከብዙ ሙከራ አንዱ እርማቱን ለማውረድ ይበቃው ይሆናል በሚል ተስፋ። በኤርፖርት ግድግዳና በባንክ መስኮት ላይ ላሉት ግን ይህም አልሆነም። ባለሙያዎች ወደ እያንዳንዱ ስክሪን ሄደው፣ ኪቦርድ ሰክተው፣ ዲስኩ የተቆለፈ ከሆነ 48 አሃዝ ያለውን መክፈቻ ቁጥር አንድ በአንድ ጻፉ።